የሶሌኖይድ ቫልቭ የአየር ፍጆታ፦ ከካታሎጉ ቁጥር እስከ ኮምፕሬሰሩ ምርጫ

አንድ 5/2 ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ ኮይል የሚታዘዝ፣ አምስት ቀዳዳና ሁለት አቋም ያለው የአየር ቫልቭ) ላይ "700 ሊትር በደቂቃ" የሚል ተጽፎ ሲያዩ ብዙዎች ቁጥሩን በቫልቮቹ ብዛት አባዝተው ኮምፕሬሰር ለማዘዝ ይነሳሉ። በዚህ ስሌት አስር ቫልቭ 7,000 ሊትር በደቂቃ ይጠይቃል። ማሽኑ ሲሠራ ግን 300 ሊትር እንኳ ላይደርስ ይችላል። ካታሎጉ አልዋሸም፤ የተጻፈው ቫልቩ የማሳለፍ አቅሙ ነው። በተለመደው አለካክ መግቢያው ላይ 6 ባር፣ መውጫው ላይ 5 ባር ይዞ ያለማቋረጥ ቢፈስ በደቂቃ የሚያልፈውን ያመለክታል። ቫልቭ በር ነው፤ አየሩን የሚበላው ከበሩ ጀርባ ያለው ሲሊንደር፣ ቱቦ ወይም ኖዝል ነው። ስለዚህ ፍጆታ የሚሰላው ከቫልቩ ስም ሰሌዳ ሳይሆን እሱ ከሚሞላው ወይም ከሚነፋው ነገር ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ካልኩሌተር፣ ካሊፐር፣ ሜትር፣ ሰዓት፣ በደንብ የሚነበብ የግፊት ጌጅና የሳሙና ውሃ ናቸው።

1. ቫልቮቹን በሥራቸው ለዩ

ማሽኑ ላይ ያሉትን ቫልቮች በሙሉ በወረቀት ላይ ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ ጎን ምን እንደሚያዝ ጻፉ። የተዘጋ ክፍል የሚሞሉ አሉ፤ ሲሊንደር የሚያንቀሳቅሱት ሁሉ እዚህ ይገባሉ። አየሩን በቀጥታ ወደ ውጭ የሚለቁ አሉ፤ ለምሳሌ የሚነፋ ኖዝል (ጠባብ አፍንጫ) ወይም ቫኪዩም ኢጀክተር (በአየር ፍሰት ቫኪዩም የሚፈጥር መሣሪያ)። ከትንሽ ታንክ ላይ በቅጽበት የሚተኩሱም አሉ፤ የአቧራ ማጣሪያ ከረጢቶችን የሚያራግፉት ዲያፍራም ቫልቮች ከነዚህ ናቸው። የየአንዳንዳቸው አሰላል ይለያያል። የመጀመሪያዎቹን የሚወስነው ስንት ጊዜ መመላለሳቸው ነው፤ የሁለተኛዎቹን ደግሞ ስንት ሰከንድ ተከፍተው መቆየታቸው።

የምልልሱን ብዛት ከመመሪያ መጽሐፉ አትውሰዱ። ማሽኑ አጠገብ ቆማችሁ ለአምስት ደቂቃ ቁጠሩ፤ የሚፈጥን ከሆነ በስልክ በዝግታ ቅረጹና ከቪዲዮው ላይ ቁጠሩ። ማሽን በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይፈጥናል።

2. ግፊቱን አስተካክሉ

ጌጅ የሚያሳየው ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ጌጁ 6 ባር ሲል ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት በባሕር ጠለል 7.013 ባር ነው። የሚያስፈልጉን ሁለት ብዜቶች ናቸው፤ የት እንደሚገቡ ካልተለየ ስሌቱ ይዛባል፦

የሲሊንደር ብዜት = (የጌጅ ግፊት + 1.013) ÷ 1.013
የቱቦ ብዜት = የጌጅ ግፊት ÷ 1.013

በ6 ባር የመጀመሪያው 6.92፣ ሁለተኛው 5.92 ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው እንዲህ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከጀርባው ምንም ክፍት ቦታ አይቀርም፤ ስለዚህ ክፍሉ ከዜሮ ተነስቶ በ7 ባር ፍጹም ግፊት ይሞላል። ቱቦው ግን አየሩን ካስወጣ በኋላም ባዶ አይሆንም፤ ውስጡ በከባቢ አየር ግፊት የተሞላ አየር ይቀራል። የምትጨምሩበት የቀረውን ስድስት ባር ብቻ ነው።

ከዚህ በታች "ሊትር" ስል መጠን ካልሆነ በቀር በክፍል ሙቀትና በከባቢ ግፊት ያለ ነጻ አየር ማለቴ ነው። ካታሎጎች "ኖርማል ሊትር" ሲሉ አንዳንዱ በ0 ዲግሪ፣ አንዳንዱ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይለካል። በሁለቱ መካከል 7 በመቶ ያህል ልዩነት ስላለ የተለያዩ አምራቾችን ቁጥር ከማነጻጸራችሁ በፊት ግርጌውን አንብቡ።

3. ሲሊንደሩን አስሉ

ምሳሌ እንውሰድ፦ የውስጥ ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር፣ ዘንጉ 20 ሚሊሜትር፣ ስትሮኩ (ፒስተኑ የሚጓዘው ርቀት) 200 ሚሊሜትር የሆነ በሁለቱም በኩል በአየር የሚገፋ ሲሊንደር፣ በ6 ባር።

ሲወጣ፦ 0.785 × 5 × 5 = 19.63 ካሬ ሴንቲሜትር፤ በ20 ሴንቲሜትር ሲባዛ 393 ሴንቲሜትር ኩብ፣ ማለትም 0.393 ሊትር መጠን።
ሲመለስ፦ ዘንጉ የያዘውን 3.14 ካሬ ሴንቲሜትር ቀንሱ፤ 16.49 ይቀራል፤ በ20 ሲባዛ 0.330 ሊትር መጠን።
ድምር፦ 0.723 × 6.92 = 5.0 ሊትር ነጻ አየር በአንድ ምልልስ።

በስፕሪንግ የሚመለስ ሲሊንደር ከሆነ የመመለሻው ረድፍ ይቀራል።

ይህ ቁጥር ጣሪያው ነው። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ጥቂት ከቆየ ክፍሉ ሙሉ 6 ባር ይሞላና ስሌቱ ልክ ይመጣል። ሴንሰሩ እንደነካ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ግን ግፊቱ ሳይሞላ ቫልቩ ስለሚገለብጥ ፍጆታው ያንሳል። ኮምፕሬሰር ለመምረጥ በጣሪያው ሂዱ፤ ማሽኑ አንድ ቀን ዘግይቶ መሥራት ሲጀምር አትቸገሩም።

4. ቱቦውን አትርሱ

ብዙ ስሌት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ከቫልቩ እስከ ሲሊንደሩ ያለው ቱቦ በእያንዳንዱ ምልልስ አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይራገፋል። ምንም ሥራ አይሠራም፤ አየሩ ግን ይወጣል። ከቫልቩ በፊት ያለው ቱቦ ሁልጊዜ ተሞልቶ ስለሚኖር አይቆጠርም።

ከላይ ያለው ሲሊንደር በሁለት ቱቦ ተገናኝቷል እንበል፤ የውጭ ዲያሜትራቸው 8፣ የውስጣቸው 6 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው እያንዳንዳቸው 2 ሜትር። የውስጡ ስፋት 0.283 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ በጠቅላላው 400 ሴንቲሜትር ሲባዛ 0.113 ሊትር መጠን፤ በ5.92 ሲባዛ 0.67 ሊትር። ከሲሊንደሩ 5 ሊትር ላይ 13 በመቶ ተጨመረ ማለት ነው። ቫልቮቹ በአንድ ሳጥን ተሰብስበው እያንዳንዱ ቱቦ 5 ሜትር ቢሆን ጭማሪው 1.67 ሊትር፣ 33 በመቶ ይደርሳል።

በትንንሽ ሲሊንደሮች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የውስጥ ዲያሜትሩ 16፣ ዘንጉ 6፣ ስትሮኩ 25 ሚሊሜትር የሆነች ሲሊንደር በአንድ ምልልስ የምትበላው 0.065 ሊትር ብቻ ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 6፣ የውስጡ 4 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ 3 ሜትር ርቀት ላይ ብታገናኟት ሁለቱ ቱቦዎች 0.446 ሊትር ይበላሉ፤ ከሲሊንደሯ ሰባት እጥፍ ያህል። ያንኑ ርቀት በ4 ሚሊሜትር ቱቦ ብታደርጉት (ውስጡ 2.5) ወደ 0.174 ይወርዳል። ቫልቩን ከሲሊንደሯ አጠገብ ብታስሩት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል ማለት ይቻላል።

የተለመደው ስህተት የቱቦውን የውጭ ዲያሜትር ማስገባት ነው። ቱቦው ላይ የታተመው የመጀመሪያ ቁጥር የውጩ ነው። የ8 ሚሊሜትር ቱቦን በ8 ብታሰሉት ከ6 ጋር ሲነጻጸር መጠኑን በ78 በመቶ ታሳብጡታላችሁ። ቁርጥራጭ ካገኛችሁ ውስጡን በካሊፐር ለኩ፤ ፖሊዩሬቴን ቱቦ ከናይለን ይልቅ ግድግዳው ወፍራም ይሆናል።

እንግዲህ ባለ 2 ሜትር ቱቦው ሲሊንደር በአንድ ምልልስ 5.67 ሊትር፣ በደቂቃ 12 ጊዜ ቢመላለስ 68 ሊትር በደቂቃ ይበላል።

5. ቫልቩ ራሱ የሚበላው

በቀጥታ በኮይል የሚንቀሳቀስ ቫልቭ ለራሱ አየር አይወስድም። በፓይለት (ኮይሉ በሚለቀው ትንሽ አየር) የሚሠራው ስፑሉን፣ ማለትም ቀዳዳዎቹን የሚከፍትና የሚዘጋውን ተንሸራታች አካል፣ የሚገፋበት ትንሽ ፒስተን አለው፤ ፒስተኑ ዲያሜትሩ 12፣ ስትሮኩ 5 ሚሊሜትር ቢሆን በአንድ ግፊያ 0.004 ሊትር ነው። እርሱት።

ሊረሳ የማይገባው በስፑሉ ዙሪያ የሚያመልጠው ነው። የጎማ ሲል (አየር እንዳያመልጥ የሚከላከል ማሸጊያ) ያላቸው ስፑሎች ደህና ሳሉ የሚያፈሱት ከቁጥር አይገባም። ብረት በብረት የሚንሸራተትባቸው ስፑሎች ግን ዕድሜያቸው ረጅም ቢሆንም በአሠራራቸው ጥቂት ያፈሳሉ፤ መጠኑ ካታሎጉ ላይ "የውስጥ ሊኬጅ" ተብሎ ይሰፍራል። ጥቂት መስሎ የሚታየው ሌት ተቀን ሲፈስ ይጠራቀማል። በደቂቃ ግማሽ ሊትር የሚያፈስ አንድ ቫልቭ በ24 ሰዓት 720 ሊትር ያወጣል፤ ከላይ ያለው ሲሊንደር 127 ጊዜ ሊመላለስበት የሚችል አየር ነው። ማሽኑ ቆሞም ቢሆን።

ከሁሉ የሚከፋው መሃል ላይ የተቀረቀረ ስፑል ነው። በውስጥ ፓይለት የሚሠራ ቫልቭ ስፑሉን ለመገልበጥ ዝቅተኛ ግፊት ይፈልጋል፤ በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ባር። ግፊቱ ከዚያ ሲያንስ ወይም የኮምፕሬሰር ዘይት ስፑሉ ላይ እንደ ቫርኒሽ ሲደርቅበት ስፑሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ አየሩም ከ1 ቁጥር ቀዳዳ (ከመግቢያው) ተነስቶ በ3 እና በ5 ቁጥር የአየር ማስወገጃ ቀዳዳዎች ላይ ባሉት ማፍለሮች (ድምፅ ማፈኛዎች) ያለማቋረጥ ይወጣል። ጠዋት ኮምፕሬሰሩ ተነስቶ ግፊት አልሞላ ሲል መጀመሪያ እጃችሁን ማፍለሮቹ ላይ አድርጉ። ሁለቱም ከነፉ ስፑሉ አልገለበጠም ማለት ነው። የአየር መስመሩን ዘግታችሁ ግፊቱ ከሞላ በኋላ በአንዴ ክፈቱ፤ ካልተላቀቀ በእጅ መግፊያዋ ቁልፍ ሞክሩ፤ በዚያም ካልሆነ ይፈታና ይጸዳል።

6. ወደ ውጭ የሚነፉት

የሚነፋ ኖዝል ላይ አንድ ቀላል ቀመር ይበቃል፦

ሊትር በደቂቃ = 7.5 × ዲያሜትር በሚሊሜትር × ዲያሜትር × ፍጹም ግፊት በባር

ይህ የሚሠራው ግፊቱ ከ1 ባር ጌጅ በላይ ሲሆንና ኖዝሉ የመስመሩ ጠባቡ ቦታ ሲሆን ነው። 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ በ6 ባር 210 ሊትር በደቂቃ ይነፋል። ከላይ ያለውን ሲሊንደር ሦስት ጊዜ ያህል የሚያክል። በ2 ባር ብታሠሩት 90 ይሆናል። ለቫኪዩም ኢጀክተርም ግምቱ ቅርብ ነው፤ 1 ሚሊሜትር ኖዝል ያለው በ5 ባር 45 ሊትር በደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

ኖዝል ሳይኖር ቫልቩ በወፍራም ቱቦ ወደ ውጭ ከነፋ ጠባቡ ቦታ ቫልቩ ራሱ ነው። ያኔ ካታሎጉ ላይ ያለውን ሲ (C) የሚባለውን እሴት (ሊትር በሰከንድ በባር) በፍጹም ግፊት አባዙት፤ ውጤቱ በሰከንድ ስለሆነ ወደ ደቂቃ ለመለወጥ ደግሞ በ60። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፦ ወደ ክፍት አየር ሲነፋ የሚያልፈው በ6 እና 5 ባር መካከል ከተለካው የካታሎግ ቁጥር ይበልጣል፤ ለብዙ ቫልቮች 1.6 እጥፍ ያህል። "700" የተባለው ቫልቭ ባዶ ቱቦ ሲነፋ ከ1,100 በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ያገኛችሁትን ውጤት ቫልቩ ከደቂቃው ውስጥ ለስንት ሰከንድ እንደሚከፈት አስልታችሁ አባዙት። በ4 ባር የሚነፋ 2 ሚሊሜትር ኖዝል 150 ሊትር በደቂቃ ነው፤ በደቂቃ 12 ጊዜ ለግማሽ ሰከንድ ብቻ ከተከፈተ ግን 6 ሰከንድ፣ ማለትም 15 ሊትር። ፕሮግራሙ ውስጥ ያ ግማሽ ሰከንድ ወደ 2 ሰከንድ ቢቀየር ማንም ልብ ሳይለው 60 ይሆናል።

ከታንክ የሚተኩሰውን ዲያፍራም ቫልቭ በቀመር ከማሳደድ መለካት ይሻላል። ወደ ታንኩ የሚገባውን መስመር ዝጉ፣ አንድ ጊዜ አስተኩሱ፣ አየሩ ሲስፋፋ ስለሚቀዘቅዝ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና ጌጁን አንብቡ። 40 ሊትር ታንክ ከ5 ወደ 3.6 ባር ቢወርድ፦ 40 × 1.4 ÷ 1.013 = 55 ሊትር በአንድ ተኩስ። ሳትጠብቁ ካነበባችሁ ከእውነቱ በላይ ታገኛላችሁ።

7. ድምሩና ኮምፕሬሰሩ

ሦስት ባለ 50 ሚሊሜትር ሲሊንደሮች 204፣ በደቂቃ 40 ጊዜ የምትመላለሰው ትንሿ ሲሊንደር ከነ6 ሚሊሜትር ቱቦዋ 20፣ ኖዝሉ 15፣ አራት የብረት ስፑሎች 2፤ ድምሩ 241 ሊትር በደቂቃ። ለመስመር ሊኬጅ 20 በመቶ ጨምሩ፤ 289። ኮምፕሬሰሩ ከጊዜው 75 በመቶውን ብቻ እንዲሠራ ለ0.75 አካፍሉ፤ 385። የምትመርጡት ኮምፕሬሰር ይህን ያህል መስጠት አለበት። ሻጮች አንዳንዴ የሚጠቅሱት ፒስተኑ የሚጠርገውን መጠን ነው፤ እናንተ ግን በሥራ ግፊት የሚያወጣውን ጠይቁ። በፒስተን ኮምፕሬሰር ላይ ሁለቱ በብዙ ይራራቃሉ።

ሬጉሌተር (ግፊት ማስተካከያ)፣ ማጣሪያና ቱቦ ግን በዚህ አማካይ አይመረጡም። የሲሊንደሩ መውጫ ስትሮክ ከነቱቦው 3.05 ሊትር ነው፤ በግማሽ ሰከንድ ከወጣ በዚያች ቅጽበት የሚጠይቀው 366 ሊትር በደቂቃ ነው፤ አማካዩ 68 ቢሆንም። ያ የካታሎግ "700" የሚያገለግለው እዚህ ነው። በአማካዩ የተመረጠ ማጣሪያ ሲሊንደሩን ያንቀረፍፈዋል፤ ሠራተኛውም መፍትሔ ብሎ ግፊቱን ወደ 8 ባር ያወጣዋል፤ ፍጆታው ወዲያው ወደ 30 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ከፍታ ቦታ ላይ የምትሠሩ ከሆነ 1.013ን አውጥታችሁ የቦታችሁን ግፊት አስገቡ። በ2,000 ሜትር ላይ የከባቢ ግፊቱ 0.795 ባር ያህል ነው። የሲሊንደሩ ብዜት ከ6.92 ወደ 8.55፣ የቱቦው ከ5.92 ወደ 7.55 ይወጣል። ያንኑ 6 ባር ለማግኘት ኮምፕሬሰሩ ከ23 እስከ 27 በመቶ የበዛ አየር መሳብ አለበት።

ለመቀነስ ቱቦ ከማሳጠር ቀጥሎ አዋጪው የመመለሻውን ግፊት ማውረድ ነው። ሲመለስ ምንም የማይጎትት ሲሊንደር 6 ባር አያስፈልገውም። በቫልቩና በዘንጉ በኩል ባለው ቀዳዳ መካከል መመለሻ ቼክ ቫልቭ (አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ያለው ሬጉሌተር አስገብታችሁ ወደ 3 ባር ብታወርዱት ከ5.67 ሊትር ላይ 1.15 ያህሉ ይተርፋል፤ 20 በመቶ። ቼክ ቫልቭ የሌለው ከሆነ አየሩ ሲወጣ ይታፈናል።

8. ስሌቱን በታንክ አረጋግጡ

የታንኩና እስከ ሬጉሌተሩ ያለው መስመር መጠን 100 ሊትር ነው እንበል። ታንኩን 8 ባር ሙሉ፣ ኮምፕሬሰሩን አጥፉ፣ ሬጉሌተሩ 6 ላይ እንዳለ አንዱን ሲሊንደር ብቻ አሠሩ። ሬጉሌተሩ ስላለ ታንኩ ቢወርድም ሲሊንደሩ ጋ ያለው ግፊት አይቀየርም። ታንኩ ከ8 ወደ 7 ሲወርድ የወጣው 100 ÷ 1.013 = 98.7 ሊትር ነው። በስሌቱ 17 ምልልስ መሥራት ነበረበት። 13 ላይ 7 ባር ከደረሰ ሲሊንደሩና ቱቦው የወሰዱት 73.7 ነው፤ የቀረው 25 ሊትር 13ቱ ምልልስ (በደቂቃ 12) በወሰዱት 65 ሰከንድ አምልጧል፤ በደቂቃ 23 ሊትር።

የት እንዳመለጠ ለማወቅ ማሽኑን አቁማችሁ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ አንዴ ዘንጉ ወጥቶ፣ አንዴ ገብቶ። ዘንጉ ወጥቶ ሳለ ታንኩ በ3 ደቂቃ ግማሽ ባር ቢወርድ 16.5 ሊትር በደቂቃ ነው፤ ገብቶ ሳለ 0.9 ባር ቢወርድ 29.6። አማካያቸው ከላይ ካገኘነው 23 ጋር ገጠመ፤ ስለዚህ ስሌቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ሊኬጅ ነው።

በሁለቱም ቦታ የሚታየው 16.5 ከመስመሩ፣ ከፊቲንጎች ወይም ከፒስተኑ ሲል ይሆናል። ዘንጉ ሲገባ ብቻ የተጨመረው 13 ሊትር ደግሞ በዘንጉ በኩል ካለው ክፍል ነው፤ ከዘንጉ ሲል፣ ከዚያ በኩል ካለው ቱቦና ፊቲንግ፣ ወይም ከስፑሉ የአንድ ወገን ሲል። ዘንጉ የሚወጣበት አንገት ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ ካበጠ ሲሉ ነው። እዚያ ጸጥ ካለና ማፍለሩ ከተነፈሰ፣ ጭነቱ እንዳይወድቅ ደግፋችሁ፣ አየር ካልያዘው የቫልቩ መውጫ ላይ ቱቦውን ንቀሉ። አየሩ ከተነቀለው ቱቦ ከመጣ የፒስተኑ ሲል አልቋል፤ ከቫልቩ ቀዳዳ ከመጣ ስፑሉ ነው። ይህን ስትሞክሩ ቫልቩ እንዳይገለብጥ የኮይሉን ሶኬት አስቀድማችሁ አውጡ፤ ባለ ሁለት ኮይል ከሆነ የሁለቱንም። ቫልቩ ከተገለበጠ ያ ክፍት ቀዳዳ 6 ባር ፊታችሁ ላይ ይለቃል።